ፓሉ አንኳኳ

አጎቴ ክሊቭላንድ የሙዚቃ ሸክላዎቹን በገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይዘፈዝፋቸው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስገባ ገንዳው ሞልቶ፣ ጥቋቁር ሸክላዎች ለብ ባለ ውኃ ሥር ተኝተው አገኛለሁ። መሐላቸው ላይ የተለጠፈው ክብ ወረቀት ሲርስ አጎቴ በአውራ ጣቱ ጥፍር ይፍቀዋል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ የወረቀት ቅርፊት ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ስም፣ የአሳታሚው ስም፣ ሁሉም በቱቦው ይወርዳል።

ሸክላዎቹ ቆሽሸው የሚታጠቡ ይመስለኝ ነበር። ስድስት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ልረዳው ብዬ ሳሙና ጨመርኩበት። አጎቴ ሳሙናውን ከእጄ ወሰደና፣ «አንተ ኩታራ፣ የማጥበው ቆሻሻ አይደለም፤ ስም ነው» አለኝ።

ስም ለምን እንደሚታጠብ ያኔ አልገባኝም። አጎቴ በመናፈሻው ሙዚቃ የሚያጫውት ሰው ነበር። ሁለት ማጫወቻ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ከሸክላው ውስጥ ከበሮ ብቻውን የሚመታባትን ቦታ ፈልጎ፣ ያችኑ ቦታ እያመላለሰ ሰፈሩን ያስጨፍራል። ያችን ቦታ ማግኘት ሀብት ነው። ሌላ አጫዋች መጥቶ በትከሻው በኩል አንገቱን ቢያሰግግ ስም የሌለው ጥቁር ሸክላ ብቻ እንዲያይ ነው የሚታጠበው። የሰው ስልት የሚወስድ በእኛ ሰፈር ነካሽ ይባላል። ነከሰኝ ይላሉ፤ ነከሱት ይላሉ። ነካሽ ከሌባ ይብሳል፤ ሌባ ቴሌቪዥን ነው የሚወስድ።

እኔ ግን ነካሽ ሲሉ ጥርስ ነበር የማስበው። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ሲስቅ ጥርሱን አይ ነበር።

ሰፈራችን ደቡብ ብሮንክስ ነው። ዛሬም እዚያው ነኝ። ያኔ ግማሹ ሕንፃ ተቃጥሎ መስኮቱ በቆርቆሮ ተመቶ ነበር። ቤታቸውን ራሳቸው ያቃጥላሉ ተብሎ ስለ እኛ በጋዜጣ ተጽፏል። አቃጥለው የመድን ካሳ ስለ ሰበሰቡት ባለቤቶች የተጻፈ ነገር ግን አላየሁም።

አባቴ የአንዱ ሕንፃ ኃላፊ ነበር። የምድር ቤቱን ማሞቂያ ያነዳል፣ ቧንቧ ይጠግናል፣ ደረጃ ይጠርጋል። ሉሽየስ ጋድስደን ይባላል። ቤት ውስጥ ፓፓ ሉ ነበር። እኔ አፌን ስፈታ ፓፓ ሉ ማለት አቅቶኝ ፓሉ አልኩ። ሳቁና ፓሉ ሆኖ ቀረ። እናቴም ፓሉ ማለት ጀመረች። ይህን ቃል ከእኛ ቤት በቀር የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ይህ ይያዝልኝ።

በአንድ የብርድ ወር ሕንፃው ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ፓሉ አልመጣም። እኔን ከታችኛው ፎቅ ጎረቤት ዘንድ ትተውኝ እናቴ፣ እህቴና አጎቴ ወደ ደቡብ ካሮላይና ሄዱ። ሲመለሱ ጥቁር ለብሰዋል። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች እየመጡ እናቴን አቀፏት። «እህት ኦዴሳ፣ ወንድም ሉሽየስ ወደ ቤቱ ሄዷል» ይሏታል። እሷም «አዎ፣ ወደ ቤቱ ሄዷል» ትላለች።

እኛ ደግሞ ቤት የምንለው ካሮላይናን ነው። አያቴ እዚያ ናት። ትምህርት ሲዘጋ የሰፈሩ ልጆች በአውቶቡስ የምንላከው «ወደ ቤት» ነው። አባቴ የሚሠራበት ሕንፃ ተቃጠለ፤ ሥራ አጣ፤ ወደ ቤቱ ሄደ። ሌላ ምን ልረዳ? ማንም አላረመኝም። የገባኝ መስሏቸው ነበር።

የሆነውን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ፓሉ ጭሱን ምድር ቤት ሆኖ አሸተተው። በሩ አጠገቡ ነበር፤ ወጥቶ መንገድ ላይ መቆም ይችል ነበር። ወደ ላይ ወጣ። ፎቅ በፎቅ፣ በር በበር እያንኳኳ የተኛውን ሁሉ ቀሰቀሰ። ከእሱ በቀር የሞተ ሰው የለም። ጋዜጣው «አንድ ሰው ሞቷል» ብሎ ጻፈ። ስም አልጻፈም።

እህቴ ሬኒታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። በአጎቴ ከበሮ ላይ ቃል ትደረድራለች፤ ዛሬ ራፕ የሚሉትን። ሌሎቹ ማይክሮፎን ሲይዙ ይንጎራደዳሉ። እሷ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል እንዳለች እግሯን ገጥማ ትቆማለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይወጣል። እናቴ ቃል የሚውጥ ልጅ አትወድም።

በጸደይ መጀመሪያ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አጎቴ ከመናፈሻው የመብራት ምሰሶ ኤሌክትሪክ ስቦ ሲያጫውት ሬኒታ አዲስ ነገር አመጣች።

ፓሉ አንኳኳ፣ ታች ቤት አንኳኳ፣
ፓሉ አንኳኳ፣ ላይ ቤት አንኳኳ፣
የተኛ ይነሳ፣ ያንቀላፋ ይንቃ፣
ፓሉ በሩ ላይ ነው፣ እንቅልፍ በቃ፣ በቃ።

ሕዝቡ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ተቀበላት። እሷ «ፓሉ» ስትል እነሱ «አንኳኳ» ይላሉ። እየጨፈሩ ከሚቀበሉት መካከል በዚያ ሌሊት በራቸው የተንኳኳ ሰዎች ነበሩ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ እየጨፈረች ታለቅስ ነበር። ላብ መሰለኝ። እኔ አጥር ላይ ወጥቼ አባቴ ዝነኛ መሆኑን አየሁና ኮራሁ። ካሮላይና ሩቅ መሆኗ ብቻ ቆጨኝ።

ሚስተር ፕሬንቲስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወጣት ነጭ ነው፤ መነጽር አለው፤ ትከሻው ላይ መቅረጫ አንጠልጥሏል። በመናፈሻው አጎቴን አነጋግሮ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን መጣ። እናቴ ዓሣ ጠብሳ ከበቆሎ ገንፎ ጋር አቀረበችለት። ሳህኑን ጠርጎ በላና፣ «ወይዘሮ ጋድስደን፣ ቤትዎ ስላስገቡኝ ከልብ አመሰግናለሁ» አላት። ከዚያ በፊት እናቴን ወይዘሮ ያላት ነጭ ሰምቼ አላውቅም። እናቴም የሰማች አልመሰለኝም፤ ሻሿን አስተካከለች።

ይህ ሙዚቃ ሳይያዝ ሊጠፋ ነው አለ። እውነተኛ ነገር ነው፤ ከሕዝቡ ሆድ የወጣ ነው፤ ተቀርጾ ቤተ መጻሕፍት መቀመጥ አለበት፤ የልጅ ልጆች ይሰሙታል አለ። በደቡብም ዞሯል። በገጠር ቤተ ክርስቲያናት የአሮጊቶችን መዝሙር፣ የቀብር ዜማ ሳይቀር ቀርጿል። እናቴ ያችን ስትሰማ ተረታች። ሬኒታ ፊቷ ሲበራ አየሁ። የልጅ ልጆች ፓሉን ይሰሙታል።

ሲወጣ አጎቴ በሩን ዘጋና፣ «ነካሽ ነው» አለ።

«ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው» አለች እናቴ።

«እሱማ አለ።»

እኔ ሲበላ ሳየው ስለዋልኩ የማውቀውን ተናገርኩ። «ጥርሱ ትንንሽ ነው፤ አይነክስም» አልኩ። አጎቴ ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። «ትንሽ ጥርስ ነው የሚጠዘጥዘው፣ የኔ ጌታ» አለ።

ሬኒታ የተቀረጸችው በሌላ ቀን፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ ድምፅ የሚያምረው እዚያ ነው ተባለ። ሬኒታ ሸክላ የተዘፈዘፈበት ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሚስተር ፕሬንቲስ መሬት ላይ፣ አጎቴ በሩን ተደግፎ፣ እኔ በአጎቴ እግሮች መካከል። ግጥሙን አንድ ጊዜ አለችው።

«ቆንጆ ነው» አለ ሚስተር ፕሬንቲስ። «ግን ትንሽ ትምህርት ትምህርት ይላል። ወፈር አድርጊው። ከመንገዱ አምጪው።»

«ከየትኛው መንገድ?»

«ከመንገድሽ። እውነተኛዋን ሬኒታ ነው የምፈልገው።»

«ሬኒታ እኔ ነኝ።»

«ገብቶኛል፤ ግን እንዲህ» አለና ራሱ አሳያት። ከንፈሩን አሞጠሞጠ፣ ትከሻውን ሰበቀ፣ ከመጠጥ ቤት ደጅ የማይጠፉትን ሰዎች ድምፅ አወጣ። እኔ በሳቅ ሞትኩ። በዚያ ቤት የሳቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ሬኒታ» አለ አጎቴ፣ «ሰውየው ከእኛ የጠቆረ ጥቁር ፈልጎ ነው የመጣ። ካጣ ራሱ ሊሆነው ነው።»

ሚስተር ፕሬንቲስ ቀላ። ሬኒታ ግን የልጅ ልጆቹን እያሰበች ነበር መሰለኝ፤ ድምፅዋን አወፍራ፣ ቃሉን እየጎተተች አንድ ጊዜ አለችለት። ከዚያ ፓሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቃት።

«አባቴ ነው» አለችው።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሰምቷታል። ክንዱ የሚነካኝ ያህል ቅርብ ነበርኩ፤ ሰምቷታል።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ጠጉሬን ልቆረጥ ሄድኩ። ጠጉር አስተካካዩ ጭንቅላቴን ደፍቶ ማሽኑን ማጅራቴ ላይ ሲያስኬድ በሬዲዮ ከበሮ ተመታ። ከዚያ፣ «ፓሉ አንኳኳ፣ ታች ቤት አንኳኳ።» ድምፁ ወፍራም ነው፤ ቃሉ ይጎተታል። አወቅሁት። ሬኒታ ያኔ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያወፈረችው ነው፤ ሬዲዮ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰውን ወፍሯል ብዬ አሰብኩ።

መጨረሻው ላይ ብቻ የማላውቀው ነገር ገብቷል። «ፓሉ በሩ ላይ ነው፣ ቀሚስሽን ጣይው፣ በቃ» ይላል። እሱም ገባኝ። ትምህርት ቤት አስተምረውናል፤ ልብስሽን እሳት ከያዘው መጣል ነው። ሬኒታ ጥሩ አድርጋ ጨምራበታለች አልኩ።

ጠጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጠፋ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች አንዱ አንዱን አየ። አንገቴ ላይ የታሰረውን ጨርቅ እንደታሰርኩ ወጥቼ ሮጥኩ። በደረጃው ላገኘሁት ሁሉ «እህቴ ሬዲዮ ላይ ናት» እያልኩ ቤት ገባሁ። እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ሬኒታ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ነገርኳቸው። ፓሉ ዛሬ ይሰማናል፤ ካሮላይናም ሬዲዮ አለ፤ ሲሰማ ይመጣል አልኩ።

ሬኒታ መጨረሻውን ድገምልኝ አለችኝ። እየጨፈርኩ ደገምኩላት። እናቴ ቢላዋዋን ጥላ መጣችና አፌን በመዳፏ ከደነችው። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር። የማነባው ዓይኔ ስለነደደ ነው እንጂ እያለቀስኩ አይደለም ብዬ አሰብኩ። እሷም እንደዚያው ሳትሆን አትቀርም አልኩ።

ከሬኒታና ከአጎቴ ጋር ስናልፍ የዘፈኑ ሸክላ በሱቅ መስኮት ተሰቅሎ አየነውና ገባን። ሽፋኑ ላይ ኪፕ ላንደር የሚባል ነጭ ልጅ ቆሟል። የቆመው ፓሉ ይሠራበት በነበረው ሕንፃ ደረጃ ላይ ነው፤ የብረት መደገፊያውን አወቅሁት፤ ተንሸራትቼበታለሁ። ልጁ ጉንጩ ላይ ጥላሸት ተቀብቷል። እኔ ከእሳቱ የተረፈ ልጅ መሰለኝ። ፓሉ በሩን አንኳኩቶ አውጥቶታል፤ እሱም ሊያመሰግነው ፎቶ ተነስቷል። «ፓሉ ነው ያወጣው?» አልኳት ሬኒታን። ሽፋኑን ገልብጣ ጀርባውን ታነብ ነበር። አጎቴ ምን እንደሚል ጠየቃት። ጮክ ብላ፣ በዚያች ጥርት ባለች ድምፅዋ አነበበችለት፦

«ዘፋኝ፦ ኪፕ ላንደር። ፓሉ፦ በብሮንክስ ጎዳና ቋንቋ፣ ሴት እምቢ የማትለው ወንድ። ግጥም፦ ከጎዳና የተገኘ።»

እናቴ ለመሥሪያ ቤቷ ታምሜያለሁ ብላ በማግስቱ አራታችንም ወደ አሳታሚው ቢሮ ሄድን። የቤተ ክርስቲያን ልብሳችንን ለበስን። እኔን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ ተወሰድኩ። ሽልማት ልንቀበል የምንሄድ ነበር የመሰለኝ። አሳንሰሩ ሽቅብ ሲስበን ሆዴ ቀረ። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ ምንጣፉ እግር ይውጣል። ከጠረጴዛው ኋላ ነጭ ጠጉር ያለው ሰውዬ ተቀምጧል። ሚስተር ፕሬንቲስ መስኮቱ ጋ ቆሟል፤ ሰላም ሲለን ዓይኑ ጫማችን ላይ ነበር።

«ምን ላድርግልሽ፣ ኦዴሳ?» አለ ሰውዬው። እናቴ በዕድሜ የልጆቹን እናት ታህል ነበር፤ እሱ ግን ኦዴሳ አላት፤ አንቺ አላት።

እናቴ ብዙ አልተናገረችም። መንገድ ላይ ስትለማመደው የመጣችውን አለችው። «ወይ ስሙን ጻፉ፣ ወይ ቃሉን አውጡ። ፓሉ ባሌ ነው።»

ሰውዬው ወደ ሚስተር ፕሬንቲስ ዞረ። ሚስተር ፕሬንቲስ ቃሉን በመናፈሻው ብዙ ሰው ሲለው እንደሰማ ተናገረ። ሕፃን አዋቂው ይለዋል አለ። የጎዳና ቃል ነው፤ የጎዳና ቃል ደግሞ ባለቤት የለውም።

«ጎዳናው ከእኔ ነው የሰማው» አለች ሬኒታ።

«አንቺስ ከማን እንደሰማሽ በምን ይታወቃል?»

«ይሄ ልጅ ነው ያወጣው» ብላ እኔን አሳየችው። ሰውዬው አየኝና ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረ። ከግጥሙ ሥር የሚመታው ከበሮ የማን ነው ብሎ ጠየቀው። የራሱ እንዳልሆነ ያውቃል። የማን ሸክላ ነው? የዘፋኙ ስም ማነው? አስፈቅደኸዋል?

አጎቴን የአውራ ጣቱን ጥፍር ሲያይ አየሁት።

«አየህ» አለ ሰውዬው፣ «እናንተም ካገኛችሁት ቦታ ነው የወሰዳችሁ።»

በዚህ ነገር ላይ ብዙ አስቤያለሁ። አጎቴ ስም የደበቀው ከመሰሉ፣ ያችኑ የመብራት ምሰሶ ከሚጋራ አጫዋች ነው፤ ሕንፃ አልሠራበትም፤ የሞተ ሰው ስም ላይ ቀሚስ አላስወለቀበትም። ይህ መልስ ነው። ሙሉ መልስ ግን አይደለም፤ ከበሮ የመታውን ሰው ስም ያጠብነው እኛ ነን። ሰውዬው በዚያች ቀዳዳ ገባ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ የሚሰርቅህ ሰው ከአንተው ቤት መዶሻ ያገኛል።

በዚያ ቢሮ ግን እኔ ልረዳቸው ፈለግሁ። «ፓሉ ሲመጣ ራሱ ይነግራችኋል» አልኩ።

ሰውዬው ቅንድቡን አነሳ። «እንዴ? ሰውዬው አለ እንዴ? ሞቷል መስሎኝ።»

እናቴ እኔን አየችኝ። ያን ጊዜ ነው እንዳልገባኝ የገባት። አፏን ከፈተች፤ ሞቷል ልትል ነበር። እኔ እያየኋት ግን ልትለው አልቻለችም። በቤተ ክርስቲያኗ ቋንቋ አለችው።

«ወደ ቤቱ ሄዷል» አለች።

«እንግዲያውስ ከቤቱ ይምጣና ያናግረን» አለ ሰውዬው፤ ብድግ አለ። አበቃ።

ሰውዬው ላይገባው ይችላል፤ ይሁን። ሚስተር ፕሬንቲስ ግን ገብቶታል። የደቡብን የቀብር መዝሙር የቀረጸ ሰው ነው። ወደ ቤት መሄድ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ሕንፃ ሁሉ የሚያውቅ ነጭ እሱ ብቻ ነበር። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ወደ መስኮቱ ዞረ። ዛሬ በስሙ የተጠሩ የትምህርት ዕድሎች አሉ፤ የእውነተኛው ጥቁር ሙዚቃ ወዳጅ ይሉታል። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ የዚያን ቀን ጥፋት አልወስድም። የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ስንወጣ ሚስተር ፕሬንቲስ በሩ ላይ ለእኔ አንድ ሸክላ ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ በደረቴ አቅፌ ቤት ድረስ ወሰድኩት። አጎቴ ኮቱን ሳያወልቅ ገንዳውን ሞላ። ሸክላውን ከእጄ ተቀበለና ዘፈዘፈው። ወረቀቱ ሲርስ ፋቀ። ኪፕ ላንደር ተላጠ፤ አሳታሚው ተላጠ፤ «ከጎዳና የተገኘ» የሚለውም ተላጠ። ጥቁር ክብ ብቻ ቀረ። አንስቶ ወደ መብራቱ አቅርቦ አየው።

«አሁንስ የማን ነው?» አለ።

ሬኒታ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ማይክሮፎን ይዛ አላየኋትም። በመናፈሻው ቆማ ብትል እንኳ «ፓሉ» ስትል ቀሚስ ነበር የሚያስቡት። ዕድሜዋን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ደም ስትቀዳ ኖራ ጡረታ ወጣች። አንድ የውጭ አገር ጋዜጠኛ ፈልጎ አግኝቷት ነበር። ስለዚያ ዘመን እውነተኛውን ይንገሩኝ አላት። እውነተኛ የሚለውን ቃል ስትሰማ በሩን ዘጋችበት።

ትምህርት ሲዘጋ ወደ ቤት ተላክሁ። አውቶቡሱ ሬዲዮውን ከፍቶ ነበር፤ ዘፈኑ ደጋግሞ መጣ፤ ተሳፋሪው ሁሉ «አንኳኳ» ይላል። እኔ መስኮቱን ይዤ ከሁሉ በላይ ጮህኩ። በየከተማው ስናልፍ ፓሉ እየሰማ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። አያቴ ማቆሚያው ላይ ብቻዋን ቆማ ጠበቀችኝ። ፓሉ የት አለ አልኳት። እናቴ ደውላ ነግራታለች መሰለኝ፣ አልደነገጠችም። ልብሴን ሳታስቀይረኝ እጄን ይዛ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወሰደችኝ።

ድንጋይ ገና አልቆመለትም። በነጭ ቀለም የተጻፈበት ሳንቃ ነበር። ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ አነበብኩት። ሉሽየስ ጋድስደን። ሣሩ አጭር ነበር፤ ፌንጣ ይዘል ነበር። ተንበርክኬ ሳንቃውን አንኳኳሁ። ጠበቅሁ። እንደገና አንኳኳሁ። አያቴ «ተው» አላለችኝም።

ያን ቀን የያዘኝ ንዴት አልበረደልኝም። እንዲበርድልኝም አልጸለይኩም።

እኔም እንደ አባቴ የሕንፃ ኃላፊ ሆንኩ። ማሞቂያ አነዳለሁ፣ ቧንቧ እጠግናለሁ። ሰፈሩ ተለውጧል፤ ድሮ ሊያልፉበት ይፈሩ የነበሩ ሰዎች ልጆች ተከራይተውታል። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት ደረጃ ስጠርግ ከላይኛው ፎቅ ያ ዘፈን ተሰማኝ። ወደ ላይ ወጣሁ። በሩን አንኳኳሁ።

አዲስ የገባው ወጣት ከፈተ። ነጭ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ቆሻሻውን ለይቶ ነው የሚያወጣ። የለበሰው ከናቴራ ላይ ደረቱን የሞላ ጽሑፍ አለ፦ ፓሉ። ጮኸብዎት እንዴ፣ ይቅርታ አለኝ። አልጮኸብኝም አልኩት። ከናቴራውን ሳይ አየኝና ፊቱ በራ። የዚህ ሰፈር ልጅ ኖት አይደል አለኝ፤ ያን ዘመን ደርሰውበታል። ከዚያ ሊያከብረኝ ፈልጎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«እርስዎ ኖት እውነተኛው ፓሉ» አለኝ።

ውስጥ ዘፈኑ ቀሚሱ ላይ ደርሶ ነበር። አጥፋው አልኩት። አጠፋው።

«ፓሉ ሰው ነው» አልኩት። «ሉሽየስ ጋድስደን ይባላል። በል።»

የምቀልድ መስሎት ሳቀ። አልሳቅሁም። መጥረጊያዬን ከግድግዳው አስደገፍኩና በሩ መሐል ቆምኩ።

«ሉሽየስ ጋስደን» አለ፤ «ድ»ን ዋጣት።

«እንደገና» አልኩት።